መኪናችን ጡሩምባ የነፋች ዕለት

ባሌ ታደለ ለቱቦላሬ፣ ለዚያ ውስጠ ባዶ አራት ማዕዘን ብረት፣ ያለውን ፍቅር ግማሹን ለእኔ ቢያደርገው ኖሮ የት በደረስሁ! የግቢያችን በር ቱቦላሬ ነው፣ የዶሮ ቤታችን ቱቦላሬ ነው፣ የልብስ ማስጫው፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው፣ ለእንግዳ ብሎ ያሠራው አልጋ ሳይቀር ቱቦላሬ ነው። ስለዚህ ብስክሌቶቻችንን መኪና ጣሪያ ላይ የምንጭንበት ፖርቶ መጋላ ያስፈልገናል ያልን ዕለት፣ ምን እንደሚል ሳይናገር አውቄዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። እኔ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጣቃ ሙሉ ጨርቅ በፊቴ ሲያልፍ የተበጠሰች ክር ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዬ። ታደለ «ጉድለት ካላየሽ እህል አይወርድልሽም» ይለኛል፤ አልዋሸም። እሱ ኮሌጅ ያስተምራል። ሁለታችንም የባሕር ዳር ልጆች ነን፣ ብስክሌት ላይ ነው ያደግነው። መንገድ እንደ ልብ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጌ አቅጣጫ የሐይቁን ዳር ይዘን መንዳት እንወድ ነበር። ከቤታችን እስከዚያ ድረስ ግን ባጃጁና የጭነት መኪናው መፈናፈኛ አይሰጥም። ብስክሌቶቹን በመኪና ጭነን ከከተማ እንውጣ ያልነው ለዚህ ነው። ጎረቤት ሳቀብን። ብስክሌት ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው ብስክሌት ይሸከማል እንዴ አሉን።

መጀመሪያ የሄድነው ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጥንድ ዘንግ አወጣልን። አሉሚኒየም ነው። ፊቱ ድቡልቡል፣ ወደ ኋላ እየሳሳ የሚሄድ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ዓይነት ቅርጽ ያለው፤ ጫፎቹ በጎማ የተደፈኑ። እሱ እንዳስረዳን አራት ማዕዘኑ ብረት ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፣ ነፋሱም እየተሰባበረ ይጮኻል። ይህኛው ግን ነፋሱን ከላይና ከታች ከፍሎ ያሳልፈዋል፣ ድምፅ የለውም፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ቤንዚን እንደ ጠበል በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታደለ አንዱን አንስቶ በጣቱ አንኳኳውና ሳሳበት። ይህ ለመጋረጃ መስቀያ ካልሆነ ሁለት ብስክሌት አይችልም ብሎ ድርቅ አለ። ባለሱቁ፣ ከዚህ ዘንግ በፊት የመኪናችሁ ጣሪያ ነው የሚጎብጠው ቢለውም አልሰማ አለ።

እኔ ክንፉን ወደድሁት። የወደድሁት ግን ለቤንዚኑ አልነበረም፤ ድምፅ የለውም ስለተባለ ነው።

አባቴ የሞተ ዕለት ትምህርት ቤት ልሄድ ፊቴን እየታጠብሁ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሰንብቷል፣ እየተሻለው ነው ብለውኛል። ከውጭ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ቀጥሎ ለፋፊው የሟቹን ስም ጠራ። የአባቴን ስም ነው የጠራው። ቤት ውስጥ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከመንገድ ሰማሁት፤ ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጡሩምባ የሚመስል ነገር ስሰማ ጆሮዬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ሲጥ ሲጥ የሚል በር ካለ ዘይት ሳልቀባው አላድርም።

ታደለ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ክንፉን ከእኛ መኪና ጣሪያ ጋር የሚያያዘው መቆንጠጫ ገና ወደ ሱቁ አልገባም፣ ጠብቁ ተባልን። ታደለ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረበትም። ብየዳ ቤት ሄዶ ሁለት ቱቦላሬ አስቆርጦ፣ የብሎን ቀዳዳ አስበስቶ፣ ጥቁር ቀለም አስቀብቶ ከች አለ። በሬ ብትጭኚበት አይጎብጥም አለኝ። እውነትም አይጎብጥም፤ ጉዱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲነጋጋ ከግቢ ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ ታደለ ፍጥነት ጨመር ሲያደርግ ከአናታችን በላይ አንድ ነገር አለቀሰ። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ይጎትታል፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ይልና ይሰበራል። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ዞር ስል ጎረቤቶቻችን ነጠላና ጋቢያቸውን እየደረቡ በራቸው ላይ ወጥተዋል፤ ማን ሞተ ይባባላሉ። ከሰዓት ስንመለስ የሰፈሩ እድር ለፋፊ፣ ሽማግሌው፣ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን። እንጀራዬን ልትቀሙኝ ነው ወይ ብለው ቀለዱብን። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ በሰፈሩ ታመው የተኙ ሰዎች አሉና ይህን ነገር ዝም አሰኙልን አሉ። እኔና ታደለ ተኮራረፍን። በመጨረሻ ታደለ እኔ ከፋብሪካ ያመጣሁትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀለለ አራቱንም የቱቦላሬ አፍ ጠቀጠቀው። ከተማ ውስጥ ነድተን ሞከርነው፤ ዝም አለ።

በተከታዩ ቅዳሜ ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ተነሣን። ከከተማው ስንወጣ ከሐይቁ የተነሣው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ታደለ ቀስ እያለ ይነዳል። ብረቱ ትንፍሽ አላለም። እንዲያውም ልቤ መለስ ብሎልኝ ቱቦላሬህን ይቅር ብዬዋለሁ አልሁት፣ ሳቀ። በቀኛችን ደንገልና ውሃ፣ በግራችን ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና አንድ ትልቅ ሾላ ያለበት መታጠፊያ ላይ ደረስን። መታጠፊያውን ስንይዝ ብረቱ ጮኸ።

እንደ ባለፈው ሳምንት አልነበረም። ረጅምና ወፍራም፣ ልብ የሚያርድ ጩኸት ነው። ታደለ ፍሬን ያዘ። ወርደን ስናይ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ጨርቅ ወድቋል። ታደለ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ ብሎ ካልሲውን አወለቀና ጠቀጠቀበት። ሞተሩ ጠፍቷል። የሾላው ቅጠል አይነቃነቅም። ብረቱ እንደገና ነፋ። እኔ ታደለን አየሁት፤ ታደለ ካልሲውን አየ።

«ከብሎኑ ቀዳዳ ነው» አለኝ።

ነፋሱ የት አለና አልሁት።

ሰዎቹን ያየሁት ያኔ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ይህ የኀዘን አለባበስ ነው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አንድም ሰው እንዴት አደራችሁ አላለንም። በእኛ አገር በጠዋት መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሳይሰላምቱ ማለፍ ነውር ነው፤ እነሱ ግን መጥተው ፊታችን ቆሙና መሬት መሬት ያያሉ። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ጥምጥም ያደረጉ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ቄስ ቀረቡ። መምሬ ይትባረክ እንደሚባሉ ያወቅነው ኋላ ነው። ታደለ ይቅርታ አባታችን ብሎ ስለ ብረቱ ሊያስረዳ ሲጀምር እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ አይነገርም፣ ልጄ። ቤት ግቡ።»

ታደለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ለቅሶ ላይ ደርሰንባቸው ነው አለኝ። እኔም ያሰብሁት እንደዚያው ነው። ሰው ሞቶባቸዋል፣ እኛም ከነጩኸታችን ዱብ አልንባቸው። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ደርሶ ሳይገቡ ማለፍ አይሆንም። ነጠላዬን ከመኪናው አውጥቼ እንደ ሴቶቹ አዘቅዝቄ ለበስሁና ተከተልኋቸው።

የገባንበት ቤት ገና መጠረጉ ነው፤ መሬቱ እርጥብ ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። መሀል ላይ ለእኛ ሁለት በርጩማ ተቀምጦልናል። ፊት ለፊታችን መደቡ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ እሜቴ ውድነሽ የሚባሉ። ነጭ ለብሰዋል፣ እግራቸው ታጥቧል። ሬሳ ብፈልግ የለም። የሚያለቅስ ሰው የለም። ሁሉም የእኔን አፍ ያያል። እሜቴ ውድነሽ ደግሞ ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም፤ አይተውኝ የሚያውቁ ይመስላሉ። ከዓይናቸው ለማምለጥ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚለውን አልሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። አንዲቱ አንዳርጌ፣ አንዳርጌ እያለች ወደ ደጅ ወጥታ ወደቀች። መምሬ ይትባረክ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከእሜቴ ውድነሽ በቀር ያላለቀሰ አልነበረም። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው በረዶ ነው።

«የት አገኛችሁት?» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። አንባቢዎቼ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሩቅ የሞተ ሰው ሲኖር ዘመድ ወዳጅ ተሰባስቦ፣ ቤተሰቡ ሳይበተን፣ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳል። መንገድ ላይ አይነገርም፤ ቤት ተገብቶ ነው። እኛ ጎህ ሳይቀድ ከከተማ በመኪና መጣን። ደጃቸው ላይ ጡሩምባ ነፋን። ወርደን ፈዘን ተያየን። ነጠላ አዘቀዘቅሁ። ገብቼ እግዚአብሔር ያጽናዎት አልሁ። ከዚህ በላይ ምን ይቀራል? እነሱ ለቅሶ ላይ አልነበሩም፤ ለቅሶውን ያመጣነው እኛ ነን።

መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«እናቴ፣ አንዳርጌ ማን ነው?»

ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። አንዷ ሰማች፣ ዝም አለች፤ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው ዝም አለች። በመጨረሻ ደጅ የወደቀችው ሴት ብቻ ቀረች፤ እሷንም ሰው ሄዶ ያዛት። መምሬ ይትባረክ ወደ እኔ ዞረው፣ በተሰበረ ድምፅ ነገሩኝ። አንዳርጌ የእሜቴ ውድነሽ አንድ ልጅ ነው። ከዓመታት በፊት በጉም ጊዜ ጋቢውን ደርቦ በደንገል ታንኳ ሐይቁ ላይ እንደወጣ አልተመለሰም። ታንኳው ባዶውን ተገኘ፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። ጎርጎራ አየነው ያለ አለ፤ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል ያለም አለ። እናቱ ሳይነገረኝ አላለቅስም ብለው ለቅሶ ከለከሉ፤ ፍትሐትም ተዝካርም አልተደረገለትም። መንደሩ በሙሉ ያንን መርዶ ነጋሪ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

እኔ ደግሞ ሳላውቅ ነጋሪው ሆንሁላቸው። አሁን ቃሌን እንዳልተነገረ አድርጌ መመለስ አለብኝ፤ ሴትየዋ ጉልበቴን እንደያዙ ናቸው።

«እናቴ፣ ልጅዎን አላውቀውም» አልሁ። «መሞቱንም መኖሩንም አልሰማሁም። የጮኸው መኪናችን ላይ ያለው ብረት ነው። እኔ እናንተ ሰው የሞተባችሁ መስሎኝ ነው ያንን ቃል ያልሁት።»

በሩ ላይ የቆመ አንድ ጎልማሳ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። የእናት ሆድ ላይ ልትቀልዱ ነው የመጣችሁት አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ታደለ ከፊቴ መጥቶ ቆመ፤ ያን ጊዜ፣ በቃ እዚሁ ቀረን ብያለሁ። እሜቴ ውድነሽ ጉልበቴን ለቀቁና ተነሡ። ሰዉን በእጃቸው ገለል ገለል እያደረጉ ወደ ደጅ ወጡ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው።

መኪናዋ ጉሙ ውስጥ ሁለቱን ብስክሌቶች ተሸክማ ቆማለች። እሜቴ ውድነሽ ጎማው ላይ ወጣ ብለው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ጫኑት። ነፋስ የለም ብዬ እምላለሁ። ብረቱ ከእጃቸው ሥር ነፋ። ያን ጊዜ ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ሴቶቹ አማተቡ፤ ባለዱላውም ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይኸው ነው» አሉ እሜቴ ውድነሽ። «ትናንት ማታም ሰምቼዋለሁ፤ ከውሃው በኩል።»

ትናንት ማታ መኪናችን ዓባይ ማዶ ግቢያችን ውስጥ ነበረች። ትናንት አልመጣንም እኮ፣ እናቴ አልኋቸው።

«እናንተን አላልሁም» አሉኝ።

መምሬ ይትባረክ ቀርበው፣ ውድነሽ፣ ሕዝቡ አንድ ጊዜ ለቅሶ ጀምሯል፣ ለልጁም ዕረፍት ነው፣ እናልቅስለትና ፍትሐቱን ላድርስለት ብለው ለመኗቸው። ያን ልመና የሰማ ድንጋይም እሺ ይላል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልሞተም አላልሁም፣ መምሬ። አልተነገረኝም ነው የምለው።» ከዚያ ወደ ታደለ ዞሩ። «ይህን ብረት ስጠኝ፣ ልጄ። በጉም ጊዜ ውሃ ላይ ያለ ሰው ዳሩን አያየውም። እንኪያስ ይስማው።»

ታደለን የምታውቁት ብትሆኑ ኖሮ ቀጥሎ ያደረገው ይገርማችሁ ነበር። የብሎን መፍቻውን አወጣ። ብስክሌቶቹን አወረደ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ቱቦላሬዎቹን ተራ በተራ አስረከበ። ባለዱላው ጎልማሳ ዱላውን ጥሎ ሾላው ላይ ወጣ፤ ሁለቱንም ብረት ረጅም ሰው ቆሞ ከማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ፣ አፋቸውን ወደ ሐይቁ አዙሮ በጠፍር አሰራቸው። ጨርቆቹን ነቅሎ ጣላቸው። የታደለን ካልሲ ግን በሁለት ጣቱ ይዞ ወርዶ መለሰለት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሁለቱ ፈገግ አሉ።

አንዱን ብስክሌት ጎማውን አውልቀን መኪና ውስጥ ጠቀጠቅነው። ሌላው አልገባ አለ። እኔ እየነዳሁ ልመለስ አልሁ፤ ታደለ ከኋላዬ በመኪናው ይከተለኝ ጀመር። ሐይቁ አሁን በግራዬ ነው። ጥቂት እንደሄድሁ ነፋስ ተነሣ፣ ከኋላዬም ሾላው ላይ ያሉት ብረቶች ሲነፉ ሰማሁ። መንደሩን እየራቅሁ ስሄድ ድምፁ መራቅ ነበረበት። አልራቀም። በግራዬ፣ ከደንገሉ ማዶ፣ ከውሃው ላይ እኩል አብሮኝ ይሄድ ነበር። ታደለ ድምፅ ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል ይላል። ይሁን። እኔ ግን ከተማው እስክገባ ፊቴን ወደ ሐይቁ አላዞርሁም።

የክንፉ መቆንጠጫ በዚያው ወር ገባ። ዘንጎቹን ገዛን፣ ታደለም አልተከራከረም። የፊተኛውንና የኋለኛውን ዘንግ በደንብ አራርቆ አሰራቸው፤ ባለሱቁ እንዳለው ሁለቱም ብስክሌት ተጭኖ ትንፍሽ አይሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሜቴ ውድነሽ ዘንድ ጎራ ማለት ለመድን። አንድ ቀን አዲሱን ዘንግ በእጃቸው ዳበሱና ይህኛው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ምንም አይልም፣ እናቴ አልኋቸው። እሳቸውም ምስኪን፣ ዲዳ ነው እንዴ አሉ።

ዓሣ አጥማጆቹ ጉም ሲወርድ በሾላው ድምፅ እየተመሩ ዳር መውጣት ጀመሩ። በዚያ መንደር ያ ድምፅ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ የሚወጣ ቀረ። ሰው መጣ ብለው ነው የሚወጡት። እኔም መታጠፊያው ላይ ስንደርስ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ መስማት ለመድሁ፤ ጆሮዬን መያዝ ትቼ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ መኪናዋን የሚገፋ ነፋስ ባለበት ጠዋት፣ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ደንገሉ መሬት ድረስ ይጎነበሳል። የሾላው ቅርንጫፎች ይላጋሉ። ብረቶቹ ግን ዝም ብለዋል። ታደለ ሳልነግረው መኪናዋን አቆመ።

የእሜቴ ውድነሽ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ጡሩምባ የነፋ፣ የለፈፈ ሰው የለም። መምሬ ይትባረክ፣ አጥማጆቹ ከውሃ ላይ ሆነው ድምፁ ሲጠፋባቸው ቀጥ ብለው ወደዚህ መጡ፣ እኛም እነሱን አይተን መጣን አሉኝ። የዚህን ጊዜ ግን አስቀድሜ ጠየቅሁ። ማን ነው ያረፈው አልሁ። እሜቴ ውድነሽ ናቸው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔር ያጽናችሁ ያልሁት። መደቡ ላይ ነጭ ለብሰው፣ እግራቸውን ታጥበው ተኝተዋል። ልክ ያን ቀን እኛን እንደጠበቁን ናቸው። አለቀስሁ። ለእሳቸው፣ ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ለሰማሁት ለአባቴም ጭምር ነው ያለቀስሁት። ስንት ዓመት ያስቀመጥሁት እንባ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለ መኪና ዕቃ ልመክራችሁ ብዬ አይደለም። ብትጠይቁኝ ክንፉን ግዙ እላለሁ፤ ድምፅ የለውም፣ ብስክሌትም ይችላል። እኔን የለወጠኝ ግን ዲዳው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ማንንም አላጽናናም። ሰፈራችን ውስጥ ጡሩምባ ሲነፋም ጆሮዬን ይዤ ጓዳ አልገባም፤ ነጠላዬን ይዤ እወጣለሁ። ሽማግሌው ለፋፊ ሲያዩኝ ዛሬ ቀደምሽኝ ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከታደለና ከመምሬ ይትባረክ በቀር ለማንም አልነገርሁም።

ወደ ቀብር ከመሄዳችን በፊት ታደለን ሾላው ሥር ወሰድሁት። መኪናዋን አስጠግቶ ጣሪያው ላይ ወጣና ብረቶቹን አየ። አራቱም አፍ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ባለዱላውን ጎልማሳ ጠራነው፤ እንኳን ትናንት፣ ካሰርሁት ወዲህ ማንም አልወጣበትም አለ። እሜቴ ውድነሽ ደግሞ በመጨረሻው ሰሞን እንኳን ዛፍ ላይ፣ መደባቸውም ላይ በሰው እጅ ነበር የሚወጡት። ታደለ አንዱን ጨርቅ ነቅሎ አቀበለኝ። ጨርቅ ሳይ የምውል ሰው ነኝ፤ በእጅ የተፈተለ፣ በቤት የተሸመነ፣ ከወንድ ጋቢ የተቀደደ ነው። ሰሞኑን ዝናብ አልጣለም። ቅጠሉ ደረቅ ነው፤ ግንዱ ደረቅ ነው። ጨርቁ ግን ስጨምቀው ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ። ታደለ ጤዛ ነው ይላል፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ ይላል።

ጤዛ ደንገል ደንገል አይሸትም። ጨርቁን አቀበልሁትና ወደ ቦታው እንዲመልሰው ነገርሁት።